ይማርሽ ያልኳት አሳማ

መርፌ የሚወጋ ሰው አፉ ባዶ አይሆንም። ጣቱ ደም ሥር ሲፈልግ አፉ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ በሽተኛውም ግማሹን የሚድነው በመድኃኒቱ፣ ግማሹን በዚያች ቃል ነው። መቼም እናንተም ሳትሏትና ሳትባሏት አልቀራችሁም። እኔ ግን ቃሏን ከሰው ውጭ አውጥቼ ጉድ ፈላብኝ።

ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። በስደተኞች መጠለያ ድሬሰር ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ወደ ባሱንዳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ግንቡ ከፍ ባለ አንድ ግቢ ተቀጠርኩ። ኸዋጆች፣ ፈረንጆቹ ማለት ነው፣ መድኃኒት ይሞክሩበታል። በምን ላይ እንደሚሞክሩ ያወቅኩት ከገባሁ በኋላ ነው። በአሳማ! አሳማዎቹን የሚይዝልኝ ዑስማን የመተማ እስላም፣ እኔ የጎንደር ክርስቲያን፤ በሌላው ሁሉ ስንከራከር ብንውል በዚህስ አንድ ነን፤ እንኳን ልንነካው ስሙ ሲነሳም እንትፍ እንላለን። እንጀራ ነውና ጓንታችንን እስከ ክርናችን ሳብን።

የእኔ ሥራ ካኑላ፣ ያቺን ደም ሥር ውስጥ የምትቀር ቀጭን ቱቦ፣ ጆሯቸው ላይ መትከል ነበር። አንዲት ትልቅ እናት አሳማ ነበረች። ዑስማን ላይኛ መንጋጋዋን በገመድ ሲይዛት የጮኸችው የሰው ጩኸት ነው። ጆሮዋን በሙቅ ጨርቅ አሽቼ፣ ሥሩን በላስቲክ አስሬ መርፌውን ሳስጠጋ፣ አፌ እንደ ልማዱ «እግዜር ይማርሽ» አለ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ። በየጋጣው ያሉት ሌሎቹም ጸጥ አሉ።

«አንተ ሰው፣ ጤና የለህም? ለኸንዚር ምሕረት ትለምናለህ?» አለ ዑስማን።

አፈርኩ። በሌላ ቀን ከንፈሬን ነክሼ ብሞክር፣ ቃሏን እስክናገር ድረስ ጩኸቷን አላቆመችም። እየዋለ እያደረ ሳያት ራሷ ጆሮዋን ወደ ፍርግርጉ ታስጠጋልኝ ጀመር። ነጭ ሽፋሽፍት ባለው ዓይኗ አፍ አፌን ታየኛለች። ፈራኋት። ወደድኳትም፤ ምን ላድርግ?

ሙከራው ሲያልቅ ውስጧ ተከፍቶ ይታይ ተባለ። የቀድሞዋን ካኑላ ግድግዳ ላይ ታክካ አውልቃታለች፤ ስለዚህ የመግደያው መድኃኒት የሚገባበትን አዲስ የምተክለው እኔ ነኝ። ጆሮዋን አስጠጋችልኝ። ዝም አልኩ። ምሕረት እየለመንኩላት እንዴት ልግደላት? መጮህ ጀመረች፤ ስትወራጭ ደም ሥሩ እየሸሸ መርፌዬ ደጋግሞ ሳተ፤ ደሟ በጓንቴ ላይ ወረደ። ዑስማን ገመዱን እንደያዘ ላብ አጠመቀው።

«ያ አኺ፣ በላት! ያችን ቃል በላትና ኸላስ፣ እንገላግላት!»

አልኳት። እሷም ግቢውም ጸጥ አሉ። መድኃኒቱ ሲገባ አፌን እያየች ነበር።

ከዚያ ወዲያ መርፌ አልጨበጥኩም። ባለፈው ክረምት ግን ወባ ጥሎኝ ሆስፒታል ገባሁ። እዚሁ ሱዳን የተወለደች ያገራችን ልጅ፣ ነርስ ናት፣ ክንዴን በላስቲክ አስራ ደም ሥሬን እየዳበሰች፣

«እግዜር ይማርዎ፣ አባባ» አለችኝ።

መርፌው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ልጠይቃት ነበር። ቃሏ ግን ደስ አለችኝ። ክንዴን አስጠግቼላት ጸጥ አልኩ፤ አፍ አፏን እያየሁ።