ቁጭ ብሎ የሞተው ኮምፕረሰር

የእኛ ሰው ጦርነት አልፎ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ እዚህ ይደርስና ከአውቶቡስ መስኮት የሚገባ ንፋስ ያስፈራዋል። አትሳቁ፤ እናንተም ያው ናችሁ። ለንደን በሙቀት ስትቀልጥ ፈረንጁ መስኮት ይከፍታል፤ ከኋላ አንዲት ሴት ሻሿን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ትነሳና ጥርቅም አድርጋ ትዘጋበታለች። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ንፋስ ጆሮ ይወጋል፣ አፍ ያጣምማል፣ ወገብ ይይዛል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁት እኔ እንኳ አውቀዋለሁ።

ልጄን ታምራትን ያሳደግኩት በዚሁ ሃይማኖት ነው። ታምራት በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል። እኔ ባለሁበት የመኪናው ኤርኮንዲሽን አይከፈትም፤ ይህ ሕግ ነው። እኔ በሌለሁበትም አይከፈትም፤ ይህ ደግሞ አስተዳደግ ነው። ተሳፋሪ ሞቀኝ ካለው፣ ይቅርታ ተበላሽቷል ብሎ ያልፋል። የለንደን ሰመር ብቅ ብሎ ስለሚጠፋ ይህችን ሐሰት ማንም ሳይነቃባት ኖረች።

ዘንድሮ ግን ሙቀቱ መጣና አልሄድም አለ። ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ ለሾፌሩ በስልኩ ኮከብ ይሰጣል አሉ፤ የልጄ ኮከብ እንደ በሰለ ሾላ ይረግፍ ጀመር። ካሁን በኋላ ከቀነሰ ሥራ የለህም የሚል መልእክት ደረሰው። ቢጨንቀው አንድ ቀን እንደ ጀግና ጆሮውን ሸፍኖ የኤርኮንዲሽኑን ቁልፍ ተጫነ። የወጣው የሞቀ ንፋስ ነው። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የልጄ ሐሰት ግን እያደር እውነት ሆነች።

ከዚያማ ሐኪሞቹ ተነሱ። ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ፊት ተቀምጦ መኪና የማያክም ሐበሻ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ጋዝ ጨርሶ ነው አለ፤ ጋዝ ተሞላ፣ ጥቂት ቀን ቀዝቅዞ ያው ሆነ። ሌላው ፊውዝ ነው አለ፤ ፊውዝ ተቀየረ። መኪና እንኳ የሌለው ሦስተኛው፣ ቡዳ በልቶት ነው ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። በሕክምናው ብዛት ጭራሽ ቁልፉ ሲነካ ሲጥ የሚል ጩኸት ተጨመረ።

በመጨረሻ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ወዳለ ጋራዥ ሄድን። መካኒኩ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው፤ እጁ ደህና ነው፣ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ልጄን ለማን ጥዬው? ሰይድ ኮፈኑን ከፍቶ ጩኸቱን አዳመጠ። ሞተሩን አስጠፋና ኮምፕረሰር የሚሉትን፣ ጋዙን እየገፋ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ ፊቱን ይዞ በእጁ ሊያዞር ታገለ። ንቅንቅ የለም።

"ይሄ ከመታመሙ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው መቼ ነው?" አለ።

ታምራት ጫማውን አየ። እኔ ሰማዩን።

ሰይድ ስብከቱን ጀመረ። ዕቃው ካልሠራ ዘይቱ አይዞርም፤ ዘይት ያላገኙት ላስቲኮች ይደርቃሉ፤ በደረቁበት በኩል ጋዙ ሾልኮ ይወጣል። እናንተ የሞላችሁትም በዚያው ወጣ፣ ከዚያ በደረቁ ስታስነሱት ሆዱ ተጣበቀ አለን። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ሥራ አልገደለውም እማማ፤ ቁጭ ብሎ ነው የሞተው።"

እኔ ጥፋቴን ለማመን ለንደን ድረስ አልመጣሁም። "ሰማህ?" አልኩት ልጄን። "አንተ 'እማዬ አትነሺ'፣ ሚስትህ 'እትዬ ይረፉ'። ልትገድሉኝ ኖሯል።"

አዲስ ኮምፕረሰር ገባ፤ ኮከቡም ቀስ እያለ ተመለሰ። ሰይድ ግን ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር፤ ብርድም ቢሆን በየሳምንቱ ለትንሽ ደቂቃ ይከፈት ብሎ። ልጄ ለዚህ መድኃኒት ቀን መረጠለት፤ እሑድ፣ እኔን ቤተ ክርስቲያን ሲያደርስ። ኅዳር ነው እላችኋለሁ! በጋቢ ላይ ጋቢ ደርቤ፣ ከፊት በረዶ ይነፋብኛል። ሌላ ቀን የለም ወይ አልኩት።

"በዚህ ብርድ ለተሳፋሪ ብከፍት ኮከብ ይቀንሱብኛል፤ አንቺ እኮ ኮከብ አትሰጪም፣ እማዬ።"

እውነቱን ነው። ትናንት ምራቴን ጠርቼ ያንን የታክሲ ነገር ስልኬ ላይ ዳውንሎድ አድርጊልኝ አልኳት። ለምን እንኳ ሳትለኝ ፈጥና አደረገችው። የፊታችን እሑድ ልጄን ደረጃው ላይ ቆሜ በስሙ አልጠራውም፤ በስልክ ነው የምጠራው። ስልኩ የሚልከው ቅርብ ያለውን መኪና ነው አሉ፤ የልጄ መኪና ደጄ ላይ ስለሚያድር ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ የለም።