አባቴ የተሳለሙት ደጅ

ሀብታም የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ መኖር ጥሩ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ «ጠግቦ ነው የሚያማርረው» እንዳትሉኝ ነው። የኛዋ ከተማ ከኦክላንድ ድልድይ ተሻግራ ያለች ትንሽዬ ናት። ቤቱን ያሻሻጠችን ሴት «ለቤተሰብ የተመቸች» ስትለን አልዋሸችም። ትምህርት ቤቱ በእግር ይደረሳል፣ መናፈሻው የተነጠፈ ምንጣፍ ነው የሚመስለው፣ ዝናብ ሲመጣ ውሻው ሁሉ ካፖርት ይለብሳል። የጎደለ ነገር ቢኖር ሰው ነው። ሰውማ አለ፤ ግን ጠዋት በመኪናው ይወጣል፣ ማታ ጋራዡ ተከፍቶ ይውጠዋል። የምንገናኘው ስልክ ላይ፣ የሰፈሩ አፕ ውስጥ ነው። የጠፋ ድመት፣ ከደጅ የተሰረቀ የፖስታ ዕቃ፣ «አሁን የሰማነው ርችት ነው ጥይት?» የመሳሰለውን እዚያ እንነጋገራለን። እድር በሉት፤ ድንኳን የሌለው እድር።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴን ከአገር ቤት አመጣኋቸው። ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ባለጉዳይ ሲግተለተልበት በኖረ ቢሮ የሠሩ ሰው። የመጀመሪያውን ወር መስኮት ሥር ተቀምጠው ጨረሱት። ጎዳናውን ያዩና «ዛሬ ሰው የት ሄደ?» ይሉኛል። ሥራ፣ እላለሁ። በማግስቱም ይጠይቁኛል። በአምስተኛው ሳምንት «ልጄ፣ እስረኛ እንኳ ጠያቂ አለው። ቲኬቴን ቁረጥልኝ» አሉ። ደነገጥኩ። እኔ በመኖሪያ ወረቀት ጣጣ ምክንያት እናቴን ሳልቀብር የቀረሁ ሰው ነኝ። እሳቸውን ደግሞ በገዛ ቤቴ ሰልችቷቸው እንዲሄዱ አልፈለግኩም።

አንድ ጠዋት ብቻቸውን ወጥተው ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ቤተ ክርስቲያን አገኘሁ!» አሉ። አራት መንገድ ወረድ ብሎ፣ ጉልላት ያለው፣ መስቀል ያለበት። «በሩ ዝግ ነው፤ ቢሆንም ከደጅ ተሳልሜ መጣሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርስ ሳይቀምሱ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ይወጣሉ፣ ተሳልመው ይመለሳሉ፣ በደንብ ይበላሉ፣ ልጆቹንም መቆጣት ጀመሩ። የቲኬቱ ነገር ተረሳ። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ሥራ የበዛበት ልጅ አባቱ ደስ ካላቸው ነገር አይመረምርም።

ሦስት ወር ሆነው። አንድ ማታ አፑ ላይ አንዲት ጎረቤት ቪዲዮ ለጥፋ አየሁ፤ የበሯ ደወል ካሜራ ያነሳው ነው። ነጭ የለበሱ ሽማግሌ ይመጣሉ፣ ሦስት ጊዜ ያማትባሉ፣ ጎንበስ ብለው የበሩን ግራና ቀኝ ይስማሉ፣ ግንባራቸውን አስነክተው ይሄዳሉ። ከሥሩ «ይህን ሰው የሚያውቅ አለ? በየቀኑ መጥቶ ቤቴን ይስማል» ይላል።

ቤቴን! ለካ ምእመን ያለቀበት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ተሽጦ መኖሪያ ቤት ሆኗል። ጉልላቱንና መስቀሉን ለውበት ትተዋቸው ነው።

አስተያየቱ ጎርፏል። አንዷ «እንዴት ደስ ይላል» ትላለች፤ ሌላዋ «መንገድ ጠፍቶበት ይሆናል፣ ያሳዝናል»፤ አንዱ ደግሞ «ሌባ ቤት ሲያጠና እንዲህ ነው፣ ለፖሊስ ደውሉ» ብሏል። እየሳመ የሚያጠና ሌባ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ በትከሻዬ ላይ አሻግራ አየችና «ዳድ! ዛት ኢዝ አባባ!» አለች።

«ዝም በይ» አልኳት።

«ዋይ? ጀስት ቴል ዜም!»

«አባቴ ናቸው» ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ነው። ሁለት ቀን አቃተኝ። እውነቱን ልናገር፣ በአባቴ አፈርኩ። ደግሞም ለአባባ ብነግራቸው መውጣቱን ይተዉና የቲኬቱ ነገር ይነሣል፤ ብተወው ፖሊስ ይመጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላልና በሦስተኛው ቀን ከሥራ ቀርቼ፣ ሊወጡ ነጠላቸውን ሲያጣፉ ያዝኳቸው።

«አባባ፣ የሚሳለሙት እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ተሽጦ የሰው ቤት ሆኗል።»

ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አዩት። ቲኬቱን ጠበቅኩ።

«ሦስት ወር ሙሉ ያዩኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ይሄ የሚጽፈው ሁሉ ሰው አይቶኛል?»

«አይቷል።»

«ታዲያ አንድ ሰው ወጥቶ 'ሽማግሌ፣ ምን ፈልገህ ነው?' አይልም?»

ጎረቤቶቼን እንዳልወቅስ፣ እኔም ሁለቱን ቀን ከእነሱ ጋር ተቀምጬ ሳይ ነበር።

«ተነሥ፣ ይቅርታ እንጠይቃለን» አሉኝ።

ሄድን። ደወሉን ተጫንኩ። «ሃይ! ካን አይ ሄልፕ ዩ?» የሚል የሴት ድምፅ ከደወሉ ወጣ፤ ሥራ ቦታ እንደሆነችም ነገረችን። አባቴ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ማናት? የታለች?»

«የቤቱ ባለቤት ናት፤ ሬድውድ ሲቲ ቢሮዋ ሆና በስልኳ ነው።»

«ከዚያ ሆና በር ትከፍታለች?»

«አትከፍትም አባባ፤ መልስ ብቻ ነው።»

ነገሩን አስረዳኋት። «ኦ ኖ፣ ኖ፣ አይ አም ሶ ሶሪ» አለች። ብዙ ጊዜ ልታናግራቸው አስባ ምን እንደምትል ጠፍቷት ኖሯል። እባክህ አይቅሩ በልልኝ አለች። ተረጎምኩላቸው። አባቴ ነጠላቸውን ከመስቀለኛው ፈትተው እንደ ወትሮው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙታል። ጎረቤትን ግን ይጠይቁታል» አሉ።

በማግስቱ ሄደው በሩን አልሳሙም። ደወሉን ተጭነው «እንደምን አደርሽ ልጄ?» አሉ። ሴትየዋ በሳምንቱ «እግዛቤር ይመስገን» ማለት ተማረች። እኔም በመጨረሻ አፑ ላይ «አባቴ ናቸው» ብዬ ጻፍኩ፤ የልብ ምልክቱ ዘነበ፣ «በኛም በር ይለፉ» የሚሉ መጡ። አሁን አራት ቤት ይጠይቃሉ። አራቱም መልስ የሚሰጧቸው ከቢሮ ነው።

ትናንት ዳውንታውን ኦክላንድ፣ ስብሰባ መሀል ስልኬ ጮኸ። የገዛ ቤቴ የበር ደወል ነው። ከፍቼ ባይ አባቴ ደጃፋችን ላይ ቆመው ደወሉን ይጫናሉ። ከስብሰባው ወጣ አልኩ።

«አባባ፣ ቁልፍ ረሱ እንዴ?»

«ቁልፉማ ኪሴ ውስጥ ነው» አሉ። «እንደምን አደርክ ልልህ ነው።»