ተቀያሪ ያጣች ዘብ

ትናንት ሌሊት አስር አለቃ ይርዳው ሕልም አየ። ይርዳው ከከተማው ዳር ባለው የሰማዕታት ሐውልት ሥር ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ የጠመንጃቸውን አፈሙዝ ወደ መሬት ደፍተው ከሚቆሙት የክብር ዘቦች አንዱ ነው። አለቃው መቶ አለቃ ወንድይፍራው ሲያሠለጥናቸው፣ «ሐውልቱ ሰው ነው፤ እናንተ ደግሞ ጥላው ናችሁ። ጥላ አስነጥሶ ያውቃል?» ይላቸው ነበር። ይርዳውም አስነጥሶ አያውቅም። ዝንብ ዓይኑ ላይ ስታርፍበት፣ ልጆች ምላሳቸውን ሲያወጡበት፣ ሚዜዎች ከሙሽሮቹ ጋር ፎቶ ሊነሡ ትከሻው ሥር ሲሻጎጡ እንኳ ንቅንቅ አይልም። በማግስቱ የሰማዕታት ቀን ነበርና ጫማውን እንደ መስታወት ወልውሎ፣ ሱሪውን ተኩሶ፣ በጊዜ ተኛ።

በሕልሙም ከዚያው ሐውልት ዘንድ ሄደ። ፀሐይዋ ከወደ ምዕራብ እየወጣች ነበር፤ ማንም ግን ጉዳዬ አላላትም። ሊጎበኝ የመጣው ሕዝብ በሁለት ረድፍ ተገትሮ ቆሟል። ሎተሪ አዟሪው፣ ተማሪዎቹ፣ ጥላ የያዙት ቄስ፣ ሁሉም አገጫቸውን ቀና አድርገው ትንፋሻቸውን ውጠዋል። ዘቦቹ ደግሞ ኮፍያቸውን አዙረው ደፍተው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ በመሀላቸው ይንሸራሸራሉ። አንደኛው ዘብ ጭድ አንሥቶ የቄሱን አፍንጫ ኮረኮረ። ቄሱ ፍንክች አላሉም።

«ዘንድሮ የመጣው ሕዝብ ሥነ ሥርዓት ያውቃል» አለ ዘቡና ፎቶ አነሣቸው።

ወዲያው የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበት ሰዓት ደረሰ። አበባዎቹ በሰልፍ መጡ። አበባዎቹ ክራቫት ያሰሩ አንድ ትልቅ ባለሥልጣንን ተሸክመው ነበር፤ ሐውልቱ ሥር በቀስታ አጋደሟቸውና ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ባለሥልጣኑ ክራቫታቸውን አስተካክለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ፀሐይ ስትነካቸው ይጠወልጋሉ» አለች አንዲት ጽጌረዳ።

«ምን ችግር አለው፤ ነገ ሌላ ይመጣል» አለቻት ጎረቤቷ።

ይርዳው በለመደው ሥፍራ ቆሞ እግሩን ገጠመ። ይህን ጊዜ መቶ አለቃ ወንድይፍራው በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ።

«አንተ! ምን ሆነህ ነው ቀጥ ያልከው?»

«ተረኛ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዝም ብሎ የሚቆም ዘብ የት አገር ታየ? ትከሻህን ስበቅ! አዛጋ! ራስህን እከክ!»

ይርዳው እያፈረ አዛጋ። መቶ አለቃው ረክቶ ሄደ።

ከሐውልቱ አናት ላይ ያለው የድንጋይ ወታደር ይህን አይቶ ወረደ። ወገቡን ይዞ ተንጠራራና አቧራውን አራገፈ።

«ወንድሜ፣ እባክህ ስሜን አንብብልኝ» አለው። «ከኋላዬ ግንቡ ላይ ጽፈውታል አሉ። እኔ ግን ፊቴን ወደ ከተማው አዙረው ስላቆሙኝ አይቼው አላውቅም።»

ይርዳው ወደ ግንቡ ሄዶ ማንበብ ጀመረ። የተቀረጸው ግን በሰልፍ የቆመው ሕዝብ ስም ነበር፤ የሎተሪ አዟሪው፣ የቄሱ፣ የተማሪዎቹ። ከላይ እስከ ታች ወረደ፤ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ወጣ። የሞተ ሰው ስም አንድም የለበትም።

«የለህም» አለው።

የድንጋይ ወታደሩ እጁን ዘርግቶ ግንቡን ዳሰሰ። «እንግዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ሆኜ ነው የቆምኩት?»

ይርዳው ክረምት ከበጋ ጀርባውን ለዚህ ሰው ሰጥቶ ቆሟል፤ ስሙ ማን ይሆን ብሎ ግን አንድ ቀን አስቦ አያውቅም።

«ለመሆኑ አንተስ ማን ነህ?» አለው ወታደሩ።

«እኔማ የምጠብቅህ ዘብ ነኝ።»

«ተሳስተሃል። እኔን የሚጠብቁኝ አንዲት ሴትዮ ናቸው። ከወዲያ በኩል ቆመዋል፤ ሂድና እያቸው።»

ይርዳው ሐውልቱን ዞሮ ሄደ። የቆመችው እናቱ ነበረች፤ ከገጠር ቀዬዋ ርቃ የማታውቀው ወይዘሮ አመልማል። የለበሰችው ያንኑ የገበያ ቀሚሷን ነው። እጆቿ ግን ነጭ ጓንት አጥልቀዋል፤ የጠመንጃዋም አፈሙዝ ወደ መሬት ተደፍቷል።

«እማዬ!»

ዓይኗ ከአድማሱ ላይ አልተነሣም።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ ይርዳው። መቼ መጣሽ? ቤቱን ለማን ትተሽ ነው?»

ዝንብ መጣችና ቅንድቧ ሥር ተቀመጠች። ይርዳው ያንን ጉድ ያውቀዋል። የዝንቧ እግር እንዴት እንደሚያሳክክ፣ እንባ ዓይን ሞልቶ ሳይጠረግ በጉንጭ እንዴት እንደሚወርድ ያውቃል። ሊያባርርላት እጁን ዘረጋ።

«ዘብ አይነካም!» አለ የተገተረው ሕዝብ ሁሉ ባንድ ድምፅ።

ይርዳው ወደ መቶ አለቃው ሮጠ።

«ጌታዬ፣ እናቴ ከቆመች ስንት ሰዓቷ ነው? የሚቀይራት ማነው?»

«እናት ተቀያሪ የላትም» አለው መቶ አለቃው ቆሎውን እየቆረጠመ። «አንተ የተወለድክ ዕለት እንደቆመች ናት።»

«እኔ ልቀይራት!»

«መቆም ትችላለህ?»

እንዴት አይችል! በመቆም እርሱን የሚያህል በጦሩ ውስጥ አልነበረም። ተመልሶ ከጎኗ ተሰለፈ። ተረከዙን ገጠመ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ፤ ደሙ እንዲዘዋወር ጉልበቱን ላላ አደረገ። እግሩ ግን እሺ አላለውም። መሬቱን ይደልቅ ጀመር፤ ትከሻውም ተከተለው። ልቁም ባለ ቁጥር እስክስታው ባሰበት። ላብ አጠመቀው። አበባዎቹ አጨበጨቡለት። ለአንዲት አፍታ ብቻ ጸጥ ማለት ቢችል ጠመንጃውን ከእጇ ይቀበላት ነበር።

ያን ጊዜ እናቱ ፊቷን ሳታዞር በቀስታ ተናገረች።

«ልጄ፣ እግሬ ደነዘዘ።»

«መጣሁ፣ እማዬ! መጣሁ!» እያለ ሲዘል አንድ እጅ ትከሻውን ያዘው።

«ይርዳው። ተነሥ።»

ዓይኑን ገለጠ። ገና ሊነጋጋ ነው። መቶ አለቃ ወንድይፍራው ኮፍያውን አውልቆ አልጋው ራስጌ ቆሟል። በሩ ላይ አጎቱ አለ፤ ከአጎቱ ጎን እናቱ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ዘመድ በንጋት ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

«በስልክ አይነገርም ብለን ነው» አለ አጎቱ። «አባትህን ቀብረን፣ ሰልስቱን አውጥተን መጣን።»

ይርዳው ከአልጋው ወረደ። ማንም ሳያዘው ተረከዙ ገጠመ፤ እጆቹ ከጭኑ ጋር ተጣበቁ፤ አገጩ ቀና አለ። እናቱ ቀርባ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

«አልቅስ እንጂ፣ ልጄ። እዚህ ማን ያይሃል?»

ይርዳው ከፊቱ ያለውን ግድግዳ ትክ ብሎ እንዳየ ቀረ። ከዚያ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ያለቀሰው መቶ አለቃ ወንድይፍራው ነበር።