የኃላፊው መንጋጋ እስኪጠነክር

መሥሪያ ቤት በምን ይቆማል ቢባል፣ አላዋቂ «በሠራተኛ» ይላል። ይህ የውኃ አገልግሎት ቅርንጫፍ ግን፣ ዕድሜ ለኃላፊው፣ የቆመው በንግግር ነበር። ጠዋት የመክፈቻ ንግግር ካላደረጉ መፍቻ ከመጋዘን አይወጣም፤ ማታ ማጠቃለያ ካልሰጡ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። በመሃል ያለው ሰዓት አቅጣጫ የሚያስቀምጡበት ነው። ሠራተኛው በፍቅር «ጋሽ መድረክ» ይላቸዋል፣ እሳቸው በሌሉበት። ከተማው ውኃ አልነበረውም እንጂ አቅጣጫ ሞልቶ ተርፎት ነበር።

ታዲያ ክፉ ቀን አይቀርምና፣ ዋና ዳይሬክተሩ ለጉብኝት የመጡ ዕለት ኃላፊው መድረክ ላይ ወጥተው «የማይናወጥ መሠረት ጥለናል» ከማለታቸው የታችኛው ተነቃይ ጥርሳቸው ተስፈንጥሮ የእንግዳው ጉልበት ላይ አረፈ። እንግዳው በመሐረብ ይዘው «የእርስዎ ትመስለኛለች» ብለው መለሱላቸው። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሳቀ እንዲያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ እስካሁን ሥራው ላይ ነው።

ኃላፊው ያን ሌሊት አልተኙም። የቅርንጫፎች ሁሉ የበላይ የሚሆነው ወንበር ባዶ ነው፤ ሿሚው ደግሞ ያው ጥርሱን ያቀበላቸው ሰውዬ። ያንን ወንበር የሚመኙት ለደመወዙ አይደለም፤ ከሱ ላይ ሆኖ የሚናገር ሰው በሁሉም ቅርንጫፍ ይሰማል። በዓመቱ መጨረሻ ዳይሬክተሩ ሲመለሱ አፋቸው አስተማማኝ መሆን አለበት።

«አንተ ሰው፣ ተነቃዩ በቃህ፤ የማይነቀለውን አስተክል» አሏቸው ባለቤታቸው፣ ይዘዋቸውም ሄዱ።

የጥርስ ሐኪሟ ራጁን ወደ መብራቱ አንስታ አየችና «የሚተከልበት አጥንት የለም» አለች።

«እንዴት አይኖርም? ታዲያ ይሄ መንጋጋ ምንድን ነው?»

«ጥርስ የሌለበት መንጋጋ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እያደር ይመነምናል።»

ኃላፊው ክው አሉ። ሥራ ስለፈታ የሚቀነስ ነገር በዕድሜያቸው ሰምተው አያውቁም፤ እሳቸው ዘንድ እንዲህ ያለው በየዓመቱ እድገት ነው የሚሰጠው። «ይግባኝ የለውም?» ብለው ጠየቁ።

ነበረው። ሐኪሟ የአጥንት ዱቄት ታደርግበታለች፤ በስስ ሽፋን ትሸፍንና ድዱን ትሰፋለች። ከወራት በኋላ የራሳቸው አጥንት በዱቄቱ ውስጥ ያድጋል፤ ያኔ ጥርሱ በብሎን ይታሰራል።

«ስፌቱ ከተላቀቀ ግን ዱቄቱ ይወጣና እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለች። «ስለዚህ መናገር ክልክል ነው። ለሌላ ሰው ጥቂት ቀን ነው የምለው፤ የእርስዎን ጠባይ ባለቤትዎ ነግረውኛል። እርስዎ አጥንቱ እስኪጠነክር ነው።»

«ትንሽ ትንሽስ?»

«ትንሽ ተናግረው ያውቃሉ?»

ባለቤታቸው ወደ መስኮቱ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ኃላፊው አፋቸው ተሰፍቶ ቢሮ በገቡበት ጠዋት የደረሰውን ድንጋጤ ለጠላትም አይስጥ። አዳራሹ ሞልቷል፤ እሳቸው መድረክ ላይ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ምክትላቸው ብልህ ሰው ነውና ወዲያው ንቅነቃውን የሚተረጉም ግብረ ኃይል አቋቋመ።

«ወደ ላይ ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ጎን?» አለ አንዱ አባል።

«በሰያፍ።»

«በሰያፍ ከሆነማ ይጠናል።»

ጥናቱ ሲራዘም የኃላፊው አፍ ደረቀ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ብርጭቆ አንስተው በቁጣ አሳዩ፤ ከዚያም «ጠጥቼ ልመለስ» ለማለት በጣታቸው ወደ በሩ ጠቆሙ።

«ውኃ የለም ነው የሚሉት!» ብሎ ጮኸ ምክትሉ። «ከተማው ውኃ የለውም! ውጡና ሥሩ!»

የቧንቧ ሠራተኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ሰምተው አያውቁማ! ተነሥተው መፍቻቸውን ይዘው ወጡ። ኃላፊው «ተመለሱ» ለማለት ሁለት እጃቸውን ቢያወናጭፉ፣ ግብረ ኃይሉ «ፍጠኑ ማለታቸው ነው» ብሎ ተረጎመ፤ ሠራተኛው ሮጠ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። አቅጣጫ ሲጠብቁ የኖሩ ፍሳሾች ተደፈኑ። የከተማው ቧንቧ አሳለው፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጉድ ፈላ፤ ውኃ መጣ። አንዲት እናት ስልክ ደውለው «ልጄ፣ ቧንቧችን ተበላሽቷል መሰለኝ፤ ውኃ ይወርድበታል» ብለው አመለከቱ።

ኃላፊው ግን ውስጥ ውስጡን ይነድዱ ነበር። ያልተነገረ ንግግር ደረታቸው ላይ ተከመረ። ባለቤታቸው ሾርባቸውን እያቀረቡላቸው ለእህታቸው በስልክ «እንዲህ ያለ ሰላም ከጫጉላችን ወዲህም አላየሁ» ሲሉ ሰሙና ሆዳቸው ተከፋ፤ መልስ መስጠት ደግሞ አይችሉም።

በዓመቱ መጨረሻ አጥንቱ ሞላ፤ ጥርሱ ታሰረ። ዳይሬክተሩ መጡ፤ የተባለውን ውኃ በዓይናቸው ሊያዩ በር ላይ እጃቸውን ታጠቡና ተደንቀው ገቡ። ሐኪሟም የክብር እንግዳ ሆና ከፊት ተቀምጣለች። ኃላፊው መድረኩን ያዙ። «ክቡራንና ክቡራት!» አሉ። ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። የዓመቱ ሁሉ ንግግር ግድቡን ጥሶ መጣ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ መግቢያው ገና አላለቀም። አንድ ሠራተኛ ሮጦ ገብቶ «ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ!» ቢል «ተቀመጥ፣ አቅጣጫ አልሰጠሁም» አሉት፤ ተቀመጠ። ዳይሬክተሩ እንቅልፋቸውን ሊያባርሩ ፊታቸውን ለመታጠብ ወጥተው፣ ሳሙና እንደተቀቡ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ተመለሱ። ውኃ ሄዷል።

ምክትሉን በሹክሹክታ «ይሄ ሰው እስከዛሬ ምን ያደርግ ነበር?» አሉት።

«ዝም ነበር የሚሉት፣ ክቡርነትዎ። መንጋጋቸው ተሰፍቶ።»

ዳይሬክተሩ በሳሙናው ውስጥ ፊታቸው በራ። ወደ ሐኪሟ ጎንበስ ብለው «ዶክተር፣ የታችኛውን ግሩም አድርገው ሠርተውታል። የላይኛውስ?» አሏት።

«የላይኛው ጤነኛ ነው። አንድ ጥርስ አልጎደለም።»

«እሱን አልጠየቅሁዎትም። ስንት ወር ይፈጃል ነው ያልኩት።»

ከዚያ መድረክ ላይ ወጥተው ማይክራፎኑን ከኃላፊው እጅ ቀስ ብለው ወሰዱ። ኃላፊው ለተመኙት ሹመት መብቃታቸውንም ዳይሬክተሩ አበሠሩ፤ ሹመቱ የሚጸናው የላይኛው መንጋጋቸው ከተሰፋበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ስፌቱ ከተፈታ ሹመቱም ይፈታል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። ባለቤታቸው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ።

የሚናገሩበትን ወንበር ሲመኙ የኖሩት ሰው፣ ያን ሌሊት ከወንበሩና ከንግግሩ አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። አልቅሰውም እንደሆነ ባለቤታቸው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ጠዋት ሐኪሟ ክሊኒኳን ስትከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ወንበሩ ላይ ወጥተው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። አንድ እንኳ የታመመ የሌለበት የላይኛው ጥርሳቸው ያብለጨልጫል።

«መንቀሉን ከየትኛው ልጀምር?» አለች ሐኪሟ እያዘነች።

«ረጅም ጊዜ ዝም ከሚያሰኘው።»

መሣሪያዋን ልታመጣ ወጣ ስትል የመጠበቂያው ክፍል እስከ ደረጃው ድረስ ሞልቷል። የየቅርንጫፉ ኃላፊዎች ክራባት አስረው ተሰልፈዋል፤ ከሁሉ ፊት ምክትሉ።

«እርስዎን ደግሞ የትኛው ጥርስዎ አመመዎት?»

«ምንም አላመመኝም» አለ ምክትሉ፣ አፉን ከወዲሁ እየከፈተ። «ሹመት አለ ሲሉ ሰምቼ ነው።»