ባንዱን ያጎረሱት ጋሽ ታደሰ

ሰው ከፍ ሲል «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» የሚል ዘመድ የማያጣው ለምንድን ነው? መምህር ነኝና በምሳሌ ላስረዳ።

ጎረቤቴ ጋሽ ታደሰ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ታክሲ ይነዳሉ። አንድ የበረዶ ቀን ፊሊፕስ ሰፈር መኪናቸው የተበላሸባቸው አራት የእንግሊዝ ልጆች አገኙ። ፀጉራቸው እንደ ጃርት የቆመ፣ የጎዳና ፓንክ የሚባለውን የጩኸት ሙዚቃ የሚጫወቱ፣ ገና ማንም የማያውቃቸው ልጆች ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ቤታቸው ወስደው ሽሮ አበሏቸው፤ ዘፋኙንም በእጃቸው አጎረሱት።

ዘንድሮ ልጆቹ ገነኑ። «ጉርሻዬ ነው ለዚህ ያበቃቸው!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ሰውዬ፣ ዘፋኙ ቢያይህም ሪሜምበር አያደርግህም!» ብለው ሾፌር ጓደኞቻቸው ሳቁባቸው።

ባንዱ አጠገባችን ወዳለችው ሴንት ፖል ከተማ ሊጫወት ሲመጣ ጋሽ ታደሰ ክራቫት አስረው፣ እኔን ለምስክርነት ይዘውኝ ሄዱ። ከፊት ቆምን። አዳራሹ በሰማያዊ ጭስ ውስጥ እንደ ሕልም ይንሳፈፋል። ዘፋኙ ወደ እኛ ጎንበስ ብሎ አፉን በሰፊው ከፈተ። ለአንድ አፍታ ድምፅ አልወጣም።

«አየሽ? ጉርሻዬን እየጠበቀ ነው!» አሉኝ እንባ አቅርረው።

የፓንክ ዘፋኝ አፉን የሚከፍተው ለመጮህ እንደሆነ ማስረዳት እችል ነበር። ግን አዳራሹ በሙሉ አብሮት አፉን ሲከፍት ሳይ፣ የእኔም ጣቶች ባዶ አየር ላይ ጉርሻ ሲጠቀልሉ አገኘኋቸው።