የአቶ አለምብርሃን ባሩድና የራሕማ ነጭ ሳፋ

በድሬዳዋ ለየሰፈሩ አንድ ጥንቁቅ ሰው ተመድቦለታል። የሚመድበው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ቀበሌው እኔ አይደለሁም ይላል። የሰውየው ምልክት ግን አይስትም። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ይይዛል። ባጃጅ ከመሳፈሩ በፊት ሦስቱንም ጎማዎች በጫማው መታ መታ ያደርጋል። ከቀዘቀዘ ምድጃ አጠገብ ቆሞ አፍንጫውን ወደ ላይ ያነሳና "አይሸታችሁም?" ይላል። ምንም አይሸትም። እሱ ግን እስኪሸት የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ከከዚራ ጀርባ፣ የጥላው ዛፍ እየሳሳ አሸዋው በሚጀምርበት ሰፈር፣ ይህ ሹመት የክቡር አቶ አለምብርሃን ነው። ድሬ አንቱታ ስለማይሆንላት ልጅ አዋቂው "አንተ አለም" ይላቸዋል። እኛ ግን ለያዙት ነገር ስንል አንቱ እንላቸዋለን። የያዙት ባሩድ ነው።

ባሩዱ ለጠብ አይደለም። ጎረቤታቸው ራሕማ ቤት ግድግዳ ላይ በአፈሙዙ የሚጎርስ አንድ አሮጌ ጠመንጃ ተሰቅሏል፤ የሟች ባሏ የዒብራሂም አያት ከሐርላ ይዘውት የመጡት። የእርሳስ ጥይት ከጎረሰ ዘመን አልፎታል። ባሩድና የጨርቅ ውታፍ ይሰጡታል፣ በሰርግ ቀን ድምፅና ጭስ ይሰጣል፣ ሒሳቡ በዚሁ ያልቃል። ዒብራሂም በሕይወት ሳለ ጠመንጃው የእሱ፣ ባሩዱ የአቶ አለምብርሃን ነበር። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዳያድሩ የፈረዱት አቶ አለምብርሃን ራሳቸው ናቸው። ዒብራሂም ከሞተ በኋላም ፍርዱ ጸንቷል።

ይህን ጠባይ ያመጡት ከምድር ባቡር ነው። በወጣትነታቸው ለሐዲዱ ድንጋይ በባሩድ ከሚያፈርሱት ጋር ሠርተዋል። ሥራውን ያስተማሯቸው ሰው መቁጠር የማይወዱ ሰው ነበሩ ይባላል፤ በጣታቸው ሲቆጥሩ ስድስት ላይ ያልቅባቸው ነበር። አቶ አለምብርሃን ዘገየህ በተባሉ ቁጥር ሁለት እጃቸውን ከፊት ለፊት ይዘረጉና "ቁጠሩ" ይላሉ። ከዚህ ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ወደ ግቢያቸው የገባ ሰው የሚቀበለው ሰላምታ "እንደምን ዋልክ" አይደለም። "መጀመሪያ ኪስ!" ነው። ከበሩ ጀርባ አንድ መደገፊያው የተሰበረ ወንበር አለ፤ ላይተር፣ ክብሪት፣ ሲጋራ፣ ስልክ፣ ቁልፍ እዚያ ላይ ይራገፋል። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ እንኳ ኪሱን አራግፎ ነው የሚያነበው። ናይሎን ለብሶ የመጣ እንግዳ ደግሞ ሸሚዙን አውልቆ የጥጥ ሽርጥ ይታደላል። "ናይሎን ሲፋተግ ብልጭ ይላል" ይሉታል በሐዘን፣ የዘመድ አመል እንደሚያሙ ሁሉ። የሽርጡን ውለታ የማያውቁ ሰዎች ሰርገኛ ሳይሆኑ የሆስፒታል በሽተኛ መስለው ይወጣሉ።

የጎረቤትም ክብሪት ከእሳቸው ሥልጣን አያመልጥም። በየመስኮቱ ደፍ ላይ የክብሪት ቀፎ ካዩ ያነሱታል፣ ጆሯቸው አጠገብ ነቅነቅ ያደርጉታል፣ ከዚያ የቤቱን ባለቤት ጠርተው ረጅም ተግሣጽ ይሰጣሉ። ራሕማ ይህን ተግሣጽ በቃሏ ታውቀዋለች። አንዳንድ ቀን ከእሳቸው ቀድማ ትጨርስላቸዋለች።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ያናድዷታል። ራሕማ ቀፊራ ገበያ ላይ ቅመም ስትሸጥ የኖረች፣ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ የምታስተናግድ ሴት ናት። እሳቸው ግን አንድ ጉርሻ ባሩድ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ይፈጁባታል። የሚሠሩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ ተቀምጦ፣ ባጃጁ ሁሉ ጥላ ውስጥ አንቀላፍቶ ሳለ። በዚያ ሰዓት ሲጋራ ለኩሶ የሚያልፍ የለም፣ ነፋስም የለም። በግቢያቸው ካለው የኒም ዛፍ ሥር መሬቱን ውሃ ይረጩታል። የእንጨት ጠረጴዛ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ የመዳብ መስፈሪያ፣ የባሩድ ቀንድ ይደረደራሉ። ብረት የሚባል አይቀርብም። ከትልቁ ዕቃ ለአንድ ጊዜ የምትበቃውን ብቻ ያወጣሉ፣ ክዳኑን ይገጥማሉ፣ ዕቃውን ወስደው ሩቅ ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይቀመጣሉ።

ራሕማ በአጥሩ በኩል አሻግራ ታያቸዋለች። ጥቁሩ ፍሬ ከማንኪያው ወደ ቀንዱ ሲወርድ ድምፅ የለውም። ሙቀቱ አየሩን ያርገበግበዋል፤ ሰውየው፣ ዛፉና ጠረጴዛው ውሃ ውስጥ እንዳሉ ሁሉ ይወዛወዛሉ። አንዳንዴ ሕልም መሆኑን ወይም አለመሆኑን ለማወቅ ስትል ትጮህባቸዋለች።

"አንተ አለም! ልጄ አርጅታ ነው እንዴ የምትዳረው?"

ቀስ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። "ቁጠሪ።"

ጠመንጃው ከተተኮሰ በኋላ ያለው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ባሩድ ያደረበት ብረት ይዝጋል ብለው በፈላ ውሃ ያጥቡታል፣ የሚያጥቡትም በራሕማ ነጭ ሳፋ ነው። ከአፈሙዙ የሚወርደው ውሃ ቀለም ይመስላል፤ እንደ ጥላሸት የጠቆረ፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት። ራሕማ ሳፋዋን ለቀናት ስትፈትግ ትከርማለች። "ሳፋዬን አጠቆረብኝ!" የሚለው ጩኸቷ ሰፈሩ ውስጥ ሰርግ ማለፉን የሚናገር ማስታወቂያ ነው።

አሁን የምትዳረው የገዛ ልጇ ሑዳ ነበረች። ሑዳ አንዲት ልጇ ናት፣ የምትሄደውም ጅጅጋ ነው። ዒብራሂም ልጅቱን ገና ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሲያጫውታት "ይህ ጠመንጃ ሳይጮህ ከዚህ ደፍ አትወጪም" ይላት ነበር። ሲሞት ለልጁ የቀረላት ትልቁ ነገር ይህ ቃል ሆነ። "ሆዮ፣ አባቴ ያለው ካልሆነ እግሬን አላነሳም" ብላ ለእናቷ ቁርጡን ነገረቻት። ራሕማም ለአቶ አለምብርሃን ነገረች። አቶ አለምብርሃን ከፖሊስ ፈቃዱን ራሳቸው ሄደው አመጡ፤ የፈቀደላቸውን መኮንንም ስለ ሲጋራ መተርኮሻው ገሥጸው ተመለሱ።

በሰርጉ ቀን ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ከራሕማ ደጅ ተሰለፉ። የሙሽራው ታላቅ ወንድም ወርሳሜ፣ ሙሽሪትን ሊወስዱ ከመጡት ሁሉ አለቃው፣ የናይሎን ሸሚዙን አሳምሮ ከመኪናው ወረደ።

"አዴር፣ አጎቴ፣ ቶሎ በል እንጂ! ሳይመሽ ጅጅጋ መግባት አለብን።"

"መጀመሪያ ኪስ" አሉ አቶ አለምብርሃን።

"የማን ኪስ?"

"ያንተ። ያ ሸሚዝም ይወልቃል።"

ሰርገኛው በሳቅ ወደቀ። ወርሳሜ እየተነጫነጨ ሽርጥ አገለደመ፤ ነጠላ ደረበ። ሌላውም ተራ በተራ ኪሱን ምንጣፍ ላይ አራገፈ፤ ትንሽ የላይተር ጉብታ ተሠራ። ራሕማ ከደፉ ላይ ቆማ "ያ አላህ፣ ዛሬ እንኳ!" አለች። አፏ ቶሎ በሉ ይላል። እግሯ ግን ከልጇ አጠገብ አይነቃነቅም።

አቶ አለምብርሃን ጠመንጃውን አቁመው ከቀንዱ ወደ መዳቡ መስፈሪያ ባሩድ ቀዱ። ወደ አፈሙዙ ሊያስጠጉት ሲሉ አንዲት "ቀጭ" የምትል ድምፅ ሰሙና አፍንጫቸው ተነሳ። ባሩዱን ወደ ቀንዱ መለሱት። ቀንዱን ከደኑት። እርምጃቸውን ሳያፋጥኑ ወርሳሜ ፊት ሄደው ቆሙ።

"ያቺስ?"

"ይቺ? ጋዝ የላትም፣ አዴር። እንዲያው በእጄ እያጫወትኳት ነው።"

"ጋዝ ባይኖራት ብልጭታ አላት።"

"ወላሂ አንተ ሰውዬ ፀሐይንም ኪስሽን አራግፊ ትላታለህ!"

ሕዝቡ ሳቀ፤ ላይተሯ ከጉብታው ጋር ተቀላቀለች። አቶ አለምብርሃን በድል አድራጊ ግርማ ተመለሱ፣ ውታፉን አነሱ፣ በእንጨቱ ዘንግ እስከ ታች ድረስ ሰደዱት፣ እሳቱን የምትጭረውን ትንሿን የመዳብ ቆብ አለበሱት። አፈሙዙን ከአሸዋው ማዶ ወዳለው ራቁት ኮረብታ አዞሩ።

"ጆሮ!" ብለው ቃታውን ሳቡ።

ቆቧ "ጣ" አለች። ሌላ ምንም የለም።

"ኧረ ይህ ሽማግሌ ጠመንጃ ተኝቷል!" ብሎ ወርሳሜ ሊያይ ወደ ፊት ተራመደ።

"ቁም!"

ሰፈሩ ይህን ድምፅ ከአቶ አለምብርሃን ሰምቶ አያውቅም። ወርሳሜ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

"እሳቱ የዘገየ ይሁን የሞተ ማንም አያውቅም። ማንም ንቅንቅ እንዳይል።"

ጠመንጃውን ወደ ኮረብታው እንዳዞሩ ቆሙ። ከበሮው ዝም አለ። እልልታው ዝም አለ። ፀሐይዋ በአሸዋው ላይ አዘቀዘቀች፤ የኒሙ ጥላ አጥሩን ተሻግሮ ሳይታይ መጥቶ የሙሽሪትን እግር ነካ። አንድ ቦታ፣ ሩቅ፣ አንድ ባጃጅ ሞተሩን አጠፋ። ያ ሁሉ ሰው በጥላው ዳር ቆሞ አንድ ሰው ሲጠብቅ አብሮ ጠበቀ፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ኋላ የጠየቅናቸው ሁሉ የተለያየ ነገር ነው የነገሩን።

በመጨረሻ "ራሕማ፣ ሳፋ" አሉ።

በአፈሙዙ ውሃ ሞሉበት፣ ውታፉ ሲርስ ጎትተው አወጡት፣ ጠመንጃውን ወደ ሳፋው አዘነበሉት። ራሕማ ጀርባዋን ለሕዝቡ ሰጥታ ሳፋውን ያዘችላቸው። ውሃው ወረደ።

ጥርት ያለ ውሃ ነበር። ጠጡኝ የሚል፤ የሳፋው ታች፣ ያቺ የተፈተገች አበባው ሳትቀር ወለል ብላ የምትታይበት። አንዲት ጥቁር ፍሬ አልነበረችበትም።

አቶ አለምብርሃን ውሃውን አዩት። ከዚያ ቀንዱን አዩት። የሰው ላይተር ሊቀሙ ሲሄዱ ባሩዱን ወደ ቀንዱ መልሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አላወጡትም። ሰፈሩን ሁሉ በጥንቃቄ ያስመረሩት ሰው ጠመንጃውን በባዶው ነበር ያጎረሱት። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ሄደ። ከንፈራቸው ነገሩን ለሰርገኛው ሊናገር ተከፈተ፤ የሚደብቁ ሰው አይደሉምና።

ራሕማ ቀደመቻቸው። ሳፋውን አዙራ ውሃውን አሸዋው ላይ ደፋችው። አሸዋው ወዲያው ጠጣው።

"ውይ! ሳፋዬን!" ብላ ጮኸች። "ዛሬም አጠቆረብኝ! ይህ ሰውዬ እኮ ሳፋዬን ጨረሰው!"

ሰርገኛው ሳቀ፣ ከበሮውም ተመለሰ። አቶ አለምብርሃን ግን አልሳቁም። ራሕማን አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ።

"አሁን ብረቱ መድረቅ አለበት" አሉ በዝግታ። "ርጥብ ብረት ባሩድ አይወድም።"

"ስንት ሰዓት ሊፈጅ ነው?" አለ ወርሳሜ።

"አንተ ልጅ" አለች ራሕማ፣ "እስኪደርቅ ነዋ! ተቀመጥ።"

ራሕማ ሰው ተቀመጥ ስትል የዚያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው። አቶ አለምብርሃን ዘንጉ ላይ ደረቅ ጨርቅ እየጠመጠሙ፣ እያስገቡና እያወጡ፣ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው እያዩ ሥራቸውን ቀጠሉ። ሑዳ ከእናቷ አጠገብ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ስንት ሌሊት እንቅልፍ አላየችም። በሒና የተሞሸረ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጭንቅላቷን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣለች፤ ጥቂት ቆይታም እንቅልፍ ወሰዳት። እንደ ልጅነቷ አፏን ትንሽ ከፍታ ነበር የተኛችው። ራሕማ ትከሻዋን ሳታንቀሳቅስ ተቀመጠች። ጨርቁ ገባ፣ ወጣ። ጨርቁ ነጭ ነበር፣ አሁንም ነጭ ነው፤ ብረቱ ከደረቀ ቆይቷል። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ጥላው ደፉን አልፎ ግድግዳው ላይ ሲወጣ አቶ አለምብርሃን ራሕማን አዩዋት። እሷም ራሷን ነቀነቀች። መስፈሪያውን ሞልተው ወደ አፈሙዙ ሲገለብጡ ከደፉ ላይ፣ ልጇን እየቀሰቀሰች፣ በሹክሹክታ ጠየቀች።

"አስገባህ?"

"አስገባሁ።"

ጠመንጃው ሲጮህ ኮረብታው ተቀብሎ መለሰው። ነጩ ጭስ በዝግታ ተንሳፍፎ በሙሽሪት ላይ አለፈ፤ ሑዳ በጭሱ መሐል ደፉን ተሻገረች። መኪኖቹ ሄዱ። ጭሱ ከእነሱ ይልቅ ብዙ ቆየ።

በማግስቱ አቶ አለምብርሃን በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

"ራሕማ፣ ያ ውሃ..."

"የቱ ውሃ?" አለች ሳፋዋን እየፈተገች።

ከዚያ ወዲህ ራሕማ ብቻዋን ናት። አቶ አለምብርሃን አመሻሽ ላይ ባሩዳቸውን አይተው ሲያበቁ በደጇ ያልፋሉ፤ በመስኮቷም ደፍ ላይ ሁልጊዜ አንድ የክብሪት ቀፎ ያገኛሉ። ያነሱታል። "ራሕማ! ስንቴ ልንገርሽ!" ብለው ይጀምራሉ። እሷ በርጩማ ታወጣላቸዋለች፣ ተግሣጹም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሰማል። አንድም ቃል ቀድማ አትጨርስባቸውም።

ቀፎው ባዶ ነው። የሑዳ ሰርግ ካለፈ ጀምሮ ያው አንዱ ባዶ ቀፎ ነው። አቶ አለምብርሃን አሁን ጆሯቸው አጠገብ አይነቀንቁትም።