«ናይስ» ያለ አይከራይም

(ቦሌ ሚካኤል በየወሩ ፎቅ በሚያበቅልበት ዘመን፣ አንድ አዲስ ቪላ በር ላይ። ደላላው ኃይለኪሮስ ሰዓቱን ማየት ሰልችቶታል። እስከ ስምንት ሰዓት ተከራይ ካላገኘ ባለቤቲቱ ቁልፉን ለሌላ ደላላ ልትሰጥ ምላለች። ዘበኛው ጋሽ ገመዳ አግዳሚው ላይ ተደላድለው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።)

ኃይለኪሮስ፦ ፈረንጁ ወዶታል አልኩዎት እኮ! ጠዋት ሲያየው «ናይስ» አላለም?

ገመዳ፦ ብሏል።

ኃይለኪሮስ፦ ናይስ ማለት ቆንጆ ነው። አለቀ!

ገመዳ፦ አባባሉንስ? «ናይይይስ» እያለ ዓይኑ በሩ ላይ። ወጡ ጨው የበዛበት እንግዳ «ይጣፍጣል» የሚለው እንደዚያ ነው።

ኃይለኪሮስ፦ ጋሽ ገመዳ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ በማታ ተምሬያለሁ። እርስዎስ?

ገመዳ፦ እኔ በሬ ሸጫለሁ።

ኃይለኪሮስ፦ በሬና እንግሊዝኛን ምን አገናኛቸው!

ገመዳ፦ ይህ ሰፈር የጤፍ ማሳዬ ሳለ ስንቱን በሬ ገበያ አውጥቻለሁ። «ሲያምር!» ያለ ሁሉ አመስግኖ ነው የሄደው። የገዛው፣ ጥርሱን ቆጥሮ፣ ቀንዱን ሰድቦ፣ «ይሄ በሬ ነው አጥንት?» ያለው ነው።

ኃይለኪሮስ፦ ኧረ ጋሼ! ሲወጣ «ቁልፉን ላዘጋጅ?» ብለው «ኦኬ፣ ኦኬ» ብሎኛል። እሺ ይበልጣል ከሺህ!

ገመዳ፦ የእውነት ቢሆን አንዱ ይበቃው ነበር።

ኃይለኪሮስ፦ ይተዉት! ይልቅ ያቺን ትርሓስ የምትባል ሴትዮ አሰናበቷት? ፈረንጁ እንደወጣ መጥታ ኩሽናው ጠበበ፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል፣ ውሃ በሳምንት ስንቴ ነው እያለች ነፍሴን ያወጣችውን? «ቤቱ ተይዟል ይበሏት» ብዬዎት ነበር።

ገመዳ፦ ብለኸኛል።

ኃይለኪሮስ፦ እርስዎም «ኦኬ፣ ኦኬ» ብለውኛል።

ገመዳ፦ ብያለሁ።

(ስልክ ይጮኻል። ኃይለኪሮስ ፈረንጁ የሚያየው ይመስል ኮሌታውን አስተካክሎ ያነሳል።)

ኃይለኪሮስ፦ ሃሎ ሚስተር! የስ... ናይስ ሃውስ፣ የስ... ቬሪ ናይስ፣ የስ የስ... ባት? (ፊቱ ይጠቁራል) ባት ምን?... ኦ። ባይ ሚስተር።

ገመዳ፦ ምን አለ?

ኃይለኪሮስ፦ ጉርድ ሾላ ሌላ ቤት ይዟል! ለስምንት አሥር ደቂቃ ነው የቀረው! ምን ዓይነት ጅል ነኝ፣ ያቺን ሴትዮ ያስባረርኩ!

ገመዳ፦ ማን አባረራት? ውስጥ ናት። መስኮቱን ለመጋረጃ እየለካች ትሳደባለች።

ኃይለኪሮስ፦ (አፉን ከፍቶ) «ኦኬ» ብለውኝ አልነበር እንዴ?

ገመዳ፦ (መፋቂያቸውን ኪሳቸው እየከተቱ) ሁለቴ ነው ያልኩህ። እንደ ፈረንጁ።